ጉምጉምታው ከየት መጣ? ከጅማ የደረሱን የቤዝ ጊታር ጥያቄዎች

በዚህ ዕትም ከጅማና ከአካባቢዋ የመጡ የቤዝ ጥያቄዎችን ሰብስበናል። አንዳንዶቹ «ምን ልግዛ?» የሚሉ ናቸው። መልሳችን ደጋግሞ «ቆይ፣ መጀመሪያ ይህን ሞክር» ቢሆንባችሁ አትቀየሙን፤ ብሩ የእናንተ ነው።

ጥያቄ፦ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለ ሆቴል ቅዳሜና እሑድ እንጫወታለን። ድራም፣ ኪቦርድ፣ ሊድ ጊታር፣ ሳክስና ሁለት ድምፃውያን አሉን። ቤዙ አዳራሹ ውስጥ «ቡም ቡም» ከማለት በቀር ኖታው አይለይም ይሉኛል። ያለኝ አምፕ 100 ዋት ነው። 300 ዋት ብገዛ ይስተካከላል?

መልስ፦ አይስተካከልም፤ ቡምታው ይብስ ይሆናል እንጂ። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፅ እጥፍ አይሆንም። ከ100 ወደ 200 ዋት ሲኬድ የሚገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ጨመረ» ብሎ ያልፈዋል። «እጥፍ ሆነ» እንዲል 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል፤ ያ ማለት ዐሥር እጥፍ ዋት ነው። 300 ዋቱ የሚሰጥህ 5 ዴሲቤል አይሞላም።

ያንተ ችግር የኃይል ሳይሆን የቦታ ነው። ባዶ የሚመታ የኢ ክር 41 ኸርዝ (በሴኮንድ 41 ንዝረት) ነው፤ ኤ 55፣ ዲ 73፣ ጂ 98። የድራሙ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ጉልበትም አብዛኛው ከ50 እስከ 100 ኸርዝ ባለው ውስጥ ነው ያለው። የኪቦርዱ ግራ እጅ እዚያው ከወረደ ሦስት ሰው በአንድ ጠባብ በር ይጋፋል። ሰሚው ኖታን የሚለየው ደግሞ ከታችኛው ጉርምርምታ ሳይሆን ከላይ ካለው የጣትና የክር ድምፅ ነው፤ ከ700 እስከ 1,000 ኸርዝ አካባቢ።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ። አምፑ ጥግ ላይ ወለል ነክቶ ተቀምጦ ከሆነ አንሳው። ወለሉና ሁለቱ ግድግዳዎች ታችኛውን ድምፅ ያገንኑታል። ከግድግዳው አርቀህ ባዶ የቢራ ሳጥን ላይ አውጣው፤ ስፒከሩ ወደ ቁርጭምጭሚትህ ሳይሆን ወደ ጆሮህ ሲጮህ አንተም ራስህን ትሰማለህ፣ የድምፁን ቁልፍም አትጨምርም። ቀጥሎ ቶኑን ሁሉ መሐል ላይ መልስ። ቤት ውስጥ ለብቻ ሲጫወቱ ቤዝና ትሬብል (ታችኛውንና ላይኛውን ድምፅ) ጨምሮ ሚድ (መሐከለኛውን) መቀነስ ደስ ይላል፤ ባንድ ውስጥ ግን ያ ድምፅ ይሰወራል። ሚድህ ሁለት ቁልፍ ካለው ታችኛውን (250 ኸርዝ አካባቢ) ጥቂት ቀንስ፣ ላይኛውን (800 አካባቢ) ጥቂት ጨምር። ለብቻህ ስትሰማው አስቀያሚ፣ አፍንጫ አፍንጫ የሚል ይሆንብሃል። ድራሙ ሲገባ ፍረደው።

ሦስተኛው ምክር የሚያጣላ ነው፦ ኪቦርዲስቱ ግራ እጁን ያንሳ። ለዓመታት ለብቻው በቤዝ ድምፅ የሰራ ኪቦርዲስት ያንን ልማድ ሳያውቀው ወደ ባንድ ይዞት ይገባል። ከመሐል ሲ በታች ኮርድ እንዳይይዝ ልምምድ ላይ ተነጋገሩ፤ መድረክ ላይ አይሆንም።

ሚክሰሩንም እይ። የድምፃውያኑ ማይክ ቻናል ላይ ያለችው ሎው ከት ቁልፍ (ከተወሰነ ኸርዝ፣ ብዙውን ጊዜ ከ80 ወይም ከ100፣ በታች ያለውን ድምፅ የምትቆርጠው) ተጭና መሆን አለባት፤ ካልተጫነች ማይኮቹ የአንተን ቤዝ ከመድረክ እየለቀሙ ወደ ሞንታርቦው ይመልሱታል። ያንተ ቻናል ላይ ደግሞ ተጭና ከሆነ ልቀቃት። በመጨረሻ የ41 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 8 ሜትር ከ30 ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ አንዱ ጠረጴዛ ጋ ይጮኻል፣ ሌላው ጋ ይጠፋል። ሰው ከመግባቱ በፊት ባልደረባህ አንድ ሐረግ እየደጋገመ ይጫወትልህና አዳራሹን ዙረህ አዳምጥ። ሥራ አስኪያጁ በሚቀመጥበት ጥግ ብቻ የሚያጉረመርም ከሆነ ደግሞ ወንበሩን እንዲቀይር ጋብዘው።

ጥያቄ፦ የሰርግ ባንድ መሪ ነኝ፤ ጅሬንና ሕርማታ አካባቢ ብዙ እንሠራለን። በቤዙ መስመር «እምምም» የሚል ድምፅ ይገባል፣ ጄኔሬተር ላይ ስንሆን ደግሞ ይብሳል። ቤዛችን ባለ ሁለት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚለቅመው ማግኔት) የጃዝ ቤዝ ዓይነት ነው። አንድ ባለሙያ የአምፑን ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወስደውን) መስመር አውጡት አለን።

መልስ፦ እባክዎ እንዳያወጡት! ኧርዙ የተነሣ አምፕ ውስጡ ሲበላሽ 220 ቮልቱ በክሩ በኩል ወደ ተጫዋቹ እጅ ይደርሳል፤ ድምፃዊው ማይኩን በከንፈሩ ሲነካ ደግሞ መንገዱ ይሞላል። ከንፈር ላይ ትንሽ ንዝረት የተሰማው ሰው ካለ ዝግጅቱ ቆሞ መስመሩ ይፈተሽ።

አሁን ወደ እምምታው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። በኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ያለው ጂ ደግሞ 49 ኸርዝ። ስለዚህ ይህ ድምፅ ከጂ ጥቂት ከፍ ያለ፣ ሳይቃኝ የቀረ ኖታ ነው፤ ዘፈኑ ጂ ላይ ሲሆን ነው በጣም የሚያስጠላው።

ምንጩን ለመለየት የቤዙን ቮልዩም ዜሮ ያድርጉ። ድምፁ ከጠፋ ምንጩ ፒክአፑ ነው፤ ካልጠፋ ገመዱ፣ አምፑ ወይም መስመሩ። ፒክአፑ ከሆነ ሁለቱንም ቮልዩም እኩል ሙሉ ይክፈቱ፤ በጃዝ ቤዝ ሁለቱ ፒክአፖች የሚጠመጠሙት አንዱ የሌላውን እምምታ እንዲሽር ተደርጎ ነው፤ አንዱን ሲቀንሱ መሻሩ ይቀራል። ክሩን ሲነኩ ድምፁ የሚቀንስ ከሆነ የክሩ ግራውንድ ደህና ነው። ሲነኩ የሚጨምር ከሆነ ከብሪጁ (ክሩ አካሉ ላይ ከሚያርፍበት ብረት) ሥር የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ተነቅሏል፤ በስታኞ የሚመለስ የ10 ደቂቃ ሥራ ነው። «ዝዝዝ» የሚል ቀጭን ድምፅ ከሆነ ደግሞ ተጠርጣሪው የመድረክ መብራት ዲመር (ማደብዘዣ) ወይም አምፑ ላይ የተቀመጠ የስልክ ቻርጀር ነው።

መስመሩ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አምፑ ከመድረኩ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ከአዳራሹ ማዶ ሶኬት ስለሚወስዱ ነው። ሁለት የኧርዝ መንገድ በድምፅ ገመዱ ሲገናኝ ቀለበት ይሠራል። ሁሉንም ከአንድ ሶኬት በዲቫይደር ያውጡ፤ ባለ 10 አምፔር መስመር 2,200 ዋት ይችላል፣ ለመካከለኛ ባንድ ይበቃል። ከዚያው መስመር የደጋሹ ምጣድ እንዳይሰካ ግን ጠባቂ ያቁሙ፤ ምጣድ ብቻውን ከዚያ በላይ ይስባል። እምምታው አሁንም ካለ ዲአይ ቦክሱ (የቤዙን ድምፅ ለሚክሰሩ የሚያመቻች ትንሽ ሣጥን) ላይ ያለችውን የግራውንድ ሊፍት ማብሪያ ይሞክሩ። እሷ የምትቆርጠው የድምፅ ገመዱን ግራውንድ እንጂ የመብራቱን ኧርዝ ስላልሆነ አደጋ የለውም።

ጄኔሬተር ሲሆን፦ ኧርዝ የሌለው ጄኔሬተር ከሆነ የብረት ዘንግ እርጥብ መሬት ውስጥ ይተከልለት። መጀመሪያ ይነሣ፣ ይረጋ፣ ቀጥሎ መብራቶች፣ በመጨረሻ ሚክሰርና አምፕ በስታቢላይዘር በኩል ይብሩ። ሲጠፋ በተቃራኒው፣ አምፕ አስቀድሞ። «መብራት መጣ» ተብሎ ወደ ከተማው መስመር ሲቀየር ሁሉም ቮልዩሙን ዜሮ አድርጎ ይጠብቅ፤ የብዙ ስፒከር ሞት በዚያች ሴኮንድ ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ የቤዝ አምፕ አመጣችልኝ። ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። ሶኬቱን ቀይሬ ልሰካው?

መልስ፦ ሶኬት መቀየር ቮልቱን አይቀይርም፤ ወዲያው ይቃጠላል። መጀመሪያ ጀርባውን በደንብ አንብብ፦ «100–240» የሚል ከሆነ በቀጥታ ይሰካል፤ ከ115 ወደ 230 የሚገፋ ማብሪያ ካለው እሱን ግፋ። 120 ብቻ ከሆነ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ። አምፑ 300 ዋት የሚስብ ከሆነ ትራንስፎርመሩ 500 ይሁን። ትራንስፎርመር ኸርዙን አይቀይርም፣ ስለዚህ ለ60 የተሠራ አምፕ በ50 ላይ ትንሽ ይበልጥ ይሞቃል፤ ጀርባውን በጨርቅ አትሸፍን። ፊውዙ ከተቃጠለም በዚያው ልክ ተካ። ፊውዝን በሽቦ የሚተካ ሰው አምፑን ራሱን ፊውዝ አድርጎታል።

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ቂጦ ፉርዲሳ። ከጓደኞቼ ጋር ባንድ ጀምረናል። ያገለገለ ቤዝ ልገዛ ነው። ባለ 4 ወይስ ባለ 5 ክር? ፓሲቭ ወይስ አክቲቭ? ስገዛስ ምን ልይ?

መልስ፦ ባለ 4 ክር፣ ፓሲቭ። ምክንያቱን እንንገርህ።

አምስተኛው ክር፣ ዝቅተኛው ቢ፣ 31 ኸርዝ ነው። እናንተ የምትከራዩት ሞንታርቦ ያንን ድምፅ ጨርሶ አያወጣውም፤ ስፒከሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ ኖታ አይሰማም። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንደሚባለው ነው። ባለ 5 የሚያስፈልገው ሳክስ ያለበት ባንድ ኢ ፍላት ላይ ሲያበዛና ታች ያለውን ኢ ፍላት ስትፈልገው ነው። እስከዚያ የኢ ክሩን ወደ ዲ ማላላት ይበቃል፤ ያን ጊዜ በዚያ ክር ላይ ሁሉም ኖታ ሁለት ፍሬት ወደ ላይ እንደሚሄድ ብቻ አትርሳ።

አክቲቭ ቤዝ ውስጡ ባለ 9 ቮልት ድንጋይ አለው። ጃኩ ተሰክቶ ካደረ ድንጋዩ ያልቃል፣ መሐል ዘፈን ላይ ድምፁ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይጠፋል። ፓሲቭ ድንጋይ የለውም። ያለውን ድክመትም እወቅ፦ ገመዱ ከ6 ሜትር ሲያልፍ ላይኛው ድምፅ ይደበዝዛል፣ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሲሰካም ይታፈናል። መፍትሔው አክቲቭ ዲአይ ቦክስ ነው፤ ከሚክሰሩ በሚመጣ 48 ቮልት ይሠራል። ከተረፈህ ብር መጀመሪያ የሚገዛው እሱ ነው። ለአክቲቭ ቤዝ በአንጻሩ ርካሹ ፓሲቭ ዲአይ ይበቃል።

ስታይ እንዲህ እይ። ቤዙን ከነት (ክሩ በአንገቱ ጫፍ ከሚያርፍበት) በኩል እንደ ጠመንጃ አነጣጥረህ አንገቱን ተመልከት፤ ትንሽ ወደ ክሩ የጎበጠ ይስተካከላል፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ግን አይስተካከልም፤ ተወው። ቀጥለህ በእያንዳንዱ ክር እያንዳንዱን ፍሬት አንድ በአንድ ምታ። ብዙ ቤዝ ላይ ከጂ ክር 5ኛና 7ኛ ፍሬት መካከል አንድ ኖታ ቶሎ ይሞታል፤ ትንሽ ከሆነ የተለመደ ነው፣ ወዲያው ከሞተ አትግዛ። ቁልፎቹን ስታዞር የሚንኮሻኮሹ ከሆነ በኮንታክት ስፕሬይ ይጸዳሉ፤ ዋጋ ለመቀነስ ተጠቀምበት። ጃኩን ነቅንቅ። የትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ) መክፈቻ እይ፤ ቀዳዳው ተበልቶ ከሰፋ ሌላ ፈልግ። በመጨረሻ ማንገቻ አድርገህ 10 ደቂቃ ቁም። ሰርግ 4 ሰዓት ሙሉ መቆም ነው፣ ከ4 ኪሎ ተኩል በላይ የሆነ ቤዝ ትከሻህን ያስታውስሃል።

ጥያቄ፦ እጄ ትንሽ ነው፤ ቤዝ መማር እፈልጋለሁ። ወንድሞቼ «ያንቺ መሣሪያ አይደለም» ይሉኛል። (ቦሳ)

መልስ፦ ወንድሞችሽ ተሳስተዋል። መደበኛው የክር ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለት 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባለ 30 ኢንቹ (76 ሴንቲ ሜትር) አጭር ቤዝም አለ፤ ክሩ ይለሰልሳል፣ ድምፁ ክብ ይላል። ረጅሙ ላይም ቢሆን ታችኞቹ አራት ፍሬቶች ላይ ለእያንዳንዱ ፍሬት አንድ ጣት አትመድቢ፤ አመልካች፣ መሐል፣ ከዚያ ቀለበትና ትንሿ ጣት አንድ ላይ፣ በሦስት ፍሬት ብቻ። ይህ የኮንትራ ባስ ተጫዋቾች አያያዝ ነው። ማንገቻውን አሳጥሪው፤ ቁጭ ብለሽ በምትይዥበት ከፍታ ቆመሽም ያዥው።

ጥያቄ፦ በግንቦት ደህና የነበረው ቤዜ ክረምት ሲገባ ክሩ ፍሬት ላይ እየተንኳኳ ይንጫጫል። ክሩም ዛገ። ክር መቀቀል ይቻላል የሚሉ አሉ።

መልስ፦ የጅማ ክረምት እንጨት ያንቀሳቅሳል። አንገቱ ወደየት እንደሄደ ሳታይ ግን ምንም አታዙር። ቤዙን ቃኘው። በአንድ እጅ የኢ ክሩን 1ኛ ፍሬት ላይ፣ በሌላው አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫን። 7ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለው ክፍተት 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ጠንካራ የቢዝነስ ካርድ ብቻ የሚያሳልፍ። ክፍተት ከሌለና ጫጫታው ከ1ኛ እስከ 5ኛ ፍሬት ከሆነ ትረስ ሮዱን ወደ ግራ አላላ። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ወደ ቀኝ አጥብቅ። በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ፤ መልሰህ ቃኝ፣ ለካ፣ አንድ ሌሊት አሳድረው። ቁልፉ እምቢ ካለ በፒንሳ አትታገል። ከዚያ በኋላ ነው ብሪጁ ላይ የክሩን ከፍታ የምትነካው፤ 12ኛ ፍሬት ላይ ኢ 2.5፣ ጂ 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። አንድ ፍሬት ብቻ የሚንጫጫ ከሆነ ያ ፍሬት ተነሥቷል፤ የአንገቱ ጥፋት አይደለም።

መጨረሻ ላይ 12ኛውን ፍሬት ተጭነህ ምታ፣ ከዚያው ላይ ካለው ሃርሞኒክ (ክሩን ሳይጫኑ በስሱ ነክተው ሲመቱ የሚወጣው ድምፅ) ጋር በቲዩነር አስተያይ። የተጫንከው ኖታ ከፍ ካለ ሳድሉን (ብሪጁ ላይ የክሩን ማረፊያ) ወደ ኋላ ሳበው፤ ዝቅ ካለ ወደ ፊት።

መቀቀል ይቻላል። 10 ደቂቃ አፍላው፣ በደንብ አድርቀው፤ ላብና እድፉ ይወጣል፣ ብርሃኑ ለጥቂት ዝግጅት ይመለሳል። ዝገትን ግን አይፈውስም፣ ሁለት ሦስቴ የተቀቀለ ክርም መቃኛ ቁልፉ ላይ ሲጠመጠም ይበጠሳል። ክር ሁልጊዜ የምትቀይርበት ብር ከሌለህ ፍላት ዋውንድ (ላዩ በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመ ክር) እሰር፤ ድምፁ ለስለስ ይላል፣ ዓመታት ይቆያል። አዲስ ክር ስታስር ከቁልፉ 10 ሴንቲ ሜትር አሳልፈህ መጀመሪያ እጠፈው፣ ከዚያ ቁረጠው፤ ሳታጥፍ ከቆረጥከው ላዩ የተጠመጠመው ሽቦ ይላላና ክሩ አዲስ ሆኖ ሙት ድምፅ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እየቀያየርን እንጫወታለን። ችክችካ ላይ ቤዜ ከድራሙ ጋር አይገጥምም፤ አንቺ ሆዬ ቅኝት ላይ ደግሞ የሆነ ነገር ይበላሻል፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

መልስ፦ ሁለተኛውን እናስቀድም፣ ምክንያቱም ጥፋቱን ከዚሁ ሆነን እንሰማዋለን፦ «ሥር ኖታና አምስተኛ» እየመታህ ነው። ከሲ ተነሥቶ አንቺ ሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። የሲ አምስተኛ የሆነው ጂ የለበትም። እጅህ በልማድ ጂ ላይ ሲሄድ ድምፃዊው ጂ ፍላት ላይ ነው ያለው፤ ግማሽ ድምፅ ተላትማችኋል። እዚያ ሥሩንና ኦክታቩን ያዝ፣ መሻገሪያ ካስፈለገህ ኤፍ ንካ። አምባሰል (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት) አምስተኛ አለው፣ ሦስተኛ ግን የለውም፤ ኢም ኢ ፍላትም አትንካ። ትዝታ ሙሉው (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ) ኤፍና ቢ የለውም፤ ከኢ ወደ ጂ በኤፍ የምትራመድ ከሆነ ዜማው የፈረንጅ ይሆናል። ባቲ ሜጀሩ (ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ) ላይ ሥርና አምስተኛ በሰላም ይሄዳሉ።

ችክችካ ስድስት ምት ነው፤ አንድ-ሁለት-ሦስት-አራት-አምስት-ስድስት። ሦስት ነገር ተለማመድ። 1ና 4 ላይ ብቻ መምታት። ከዚያ 1፣ 3፣ 4፣ 6፤ ረጅም-አጭር፣ ረጅም-አጭር። ከዚያ 1፣ 3፣ 5፤ በሁለቱ (1ና 4) ላይ ሦስት መጫን። ሦስተኛው ዘፈኑን ያንሳፍፈዋል፣ ግን ድራመሩም አብሮህ ወደ ሦስት ከሄደ ጨፋሪው እግሩ ይጠፋበታል፤ አንዳችሁ ሁለቱን (1ና 4ን) ያዙ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) 80 ላይ አድርገህ አንዷ ምቱ 1 ላይ፣ ቀጣይዋ 4 ላይ ትውደቅ፤ 20 ደቂቃ ሳትቀያየር። የማይገጥመው አብዛኛውን ጊዜ ኖታው የሚጀምርበት ሳይሆን የሚቆምበት ነው፦ ኖታህ እስከሚቀጥለው ከተጎተተ ኪኩን ይሸፍነዋል። ግራ እጅህን አላልተህ አሳጥረው። የሮሃ ባንድን ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮን፣ የዋልያስን መላከ ገብሬን ስትሰማ ክፍተቶቹን ቁጠር።

ጥያቄ፦ የቤዝ አምፕ የለኝም። በሊድ ጊታር አምፕ መጫወት እችላለሁ?

መልስ፦ ቤት ውስጥ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ አዎ። ከድራም ጋር አይሆንም፤ የጊታር ስፒከር ለ41 ኸርዝ ወደፊትና ወደኋላ የሚያስኬድ ቦታ የለውም፣ «ጠክ ጠክ» ማለት ሲጀምር ኮይሉ (የስፒከሩ ጥቅል ሽቦ) እየተመታ ነው። የኪቦርድ አምፕ ወይም በዲአይ ወደ ሞንታርቦ ይሻልሃል።